ሉዊ ካሚል ማያር እና በሙቀት የሚለወጠው የዓሣ ሥጋ ቀለም

መግቢያ

ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ በቆርቆሮ ታሽጎ በግፊት እንፋሎት ሲመክን፣ ወይም ደርቆ በሞቃት ስፍራ ሲከማች፣ ንጣቱን እየተወ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎም ወደ ቡናማ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በዓሣ ማቀነባበር ሥራ ዘንድ ይህ ለውጥ ለረጅም ጊዜ የታየው ገዢን የሚያሸሽ ጉድለት ሆኖ ነው። ዛሬ ምክንያቱ ሲጠየቅ የምግብ ሳይንስ መጻሕፍት አስቀድመው የሚጠሩት የማያርን አጸግብሮት ነው። ቡና በምጣድ ሲቆላ፣ ዳቦ ሲጋገር ወይም ሥጋ ሲጠበስ ለሚመጣው ቀለምና መዓዛም የሚነሣው ይኸው ስም ነው።

ስሙ የታወቀውን ያህል ግን ባለስሙ አይታወቁም። ሉዊ ካሚል ማያር ሐኪምና ኬሚስት እንጂ የምግብ ሳይንቲስት አልነበሩም። ስማቸውን ባስጠራው የ1912 ሥራቸው ውስጥም ዓሣ የለም፤ ያለው ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ውኃ ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የማያርን ሕይወት እየተረከ፣ በንጹሕ ኬሚካሎች የተደረገ ሙከራ ከአርባ ዓመታት በኋላ እንዴት የዓሣ ጡንቻን ቀለም ለማስረዳት እንደበቃ ለማሳየት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም የሚከተለው ነው፦ ማያር ያወረሱን ትልቁ ነገር የቡናማው ቀለም መታየት ሳይሆን፣ የትኛው ስኳር በምን ፍጥነት ቀለሙን እንደሚያመጣ በቅደም ተከተል ማስቀመጣቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ማያር ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1878 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሎሬን ምድር፣ በሞዜል ወንዝ ዳር በምትገኘው ፖንት አ ሙሶን ከተማ ተወለዱ። አካባቢው በዚያን ጊዜ የቁስል ስፍራ ነበር። ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 በተደረገው ጦርነት በጀርመን ተሸንፋ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል አጥታለች። በጀርመን እጅ የወደቀችው የስትራስቡር ከተማ የሕክምና ፋኩልቲም ወደ ናንሲ ተዛውሮ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ማያር በ16 ዓመታቸው የገቡበት የናንሲ ዩኒቨርሲቲ የጠረፍ ከተማ ትምህርት ቤት ቢሆንም፣ ከስትራስቡር የመጣ የሕክምና ትምህርት ውርስ የያዘ ተቋም ነበር።

በ1897 በሳይንስ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በ1903 ደግሞ በሕክምና ዶክተር ሆኑ። ሁለቱ ሙያዎች በማያር ሕይወት አልተለያዩም። ኬሚስት ሆነው ሲሠሩ የሚያስቡት ስለ ሕያው አካል ነበር፤ ሐኪም ሆነው ሲያጠኑም የሚለኩት ኬሚካሎችን ነበር። በሕክምናው ዓለም ያስታወቃቸው ሥራ የኩላሊትና የሽንት ጥናት ነው። ሰውነት የፕሮቲንን ናይትሮጅን በአብዛኛው ወደ ዩሪያ ለውጦ ያስወግዳል፤ ከተረፈው ከፊሉ በአሞኒያ መልክ ይወጣል። ማያር በሁለቱ መካከል ያለውን ምጣኔ በመለካት ሰውነት ዩሪያን የመሥራት አቅሙ ምን ያህል እንደጎደለ የሚያሳይ መለኪያ አዘጋጁ። መለኪያው በስማቸው ተጠርቶ በሐኪሞች ዘንድ ይሠራበት ነበር። በሕይወት ሳሉ ስማቸውን የሰማ ሐኪም ያወቃቸው በዚህ በኩል ነው።

የፕሮቲን አፈጣጠር ጥያቄ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሥነ ሕይወት ኬሚስቶች ትልቅ ጥያቄ ፕሮቲን በሕያው ሴል ውስጥ እንዴት ይሠራል የሚል ነበር። ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ በማያያዝ ፔፕታይዶችን በቤተ ሙከራ መሥራት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ይሁን እንጂ የፊሸር ዘዴ ሴል ሊሸከማቸው የማይችሉ ኃይለኛ ኬሚካሎችን የሚጠይቅ ነበር። ማያር ያነሡት ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ተፈጥሮ ያን ያህል ኃይለኛ ኬሚካል ሳትጠቀም አሚኖ አሲዶችን የምታያይዝ ከሆነ፣ በሰውነት ውስጥ በሚገኙ ለስላሳ ንጥረ ነገሮች ይህን መኮረጅ አይቻልምን?

በመጀመሪያ የመረጡት የስብ አካል የሆነውን ግሊሰሮልን ነበር። ግላይሲን የተባለውን ቀላል አሚኖ አሲድ ከግሊሰሮል ጋር ሲያሞቁ ሁለት የግላይሲን ሞለኪውሎች ተያይዘው የቀለበት ቅርጽ ያለው ውሁድ አገኙ። ውጤቱ መላምታቸውን ያበረታታ ነበር። ቀጣዩ እርምጃም ከዚሁ የሚከተል ነው። ስኳርም እንደ ግሊሰሮል በርካታ የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት፤ በሰውነት ውስጥም በብዛት ይገኛል። ግሊሰሮል የሠራውን ስኳር ይሠራ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ስኳር ከሃይድሮክሲል በተጨማሪ የካርቦኒል ቡድን አለው፤ ይህም ከአሚኖ ቡድን ጋር ሲገናኝ የራሱን መንገድ ይከተላል። በዕቃው ውስጥ የተፈለገው ፔፕታይድ አልታየም፤ የታየው ቀለም ነበር። ፔፕታይድ የሚፈልግ ኬሚስት እንዲህ ያለውን የጠቆረ ፈሳሽ እንደ ተበላሸ ሙከራ ቆጥሮ ሊደፋው ይችላል። ማያር ፕሮቲን ፍለጋቸውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው የቀለሙን ምክንያት መመርመር ጀመሩ።

የ1912 ሥራ

በጃንዋሪ 1912 ማያር፣ ገና 33 ዓመታቸው ሳሉ፣ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበ ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ጽሑፍ አሳተሙ። ሙከራው ማንም ሊደግመው የሚችል ነበር። አንድ እጅ ግላይሲንና አራት እጅ ግሉኮስ ከሦስት እስከ አራት እጅ በሚሆን ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ከዚያም በፈላ ውኃ መታጠቢያ ላይ ይሞቃሉ። በአሥር ደቂቃ ገደማ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ ቀለሙም እየፈጠነ ወደ ጥቁር ቡናማ ያመራል። ጥቂት ቆይቶም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ፈሳሹ አረፋ ይደፍቃል።

ማያር ጋዙ አየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ምክንያት የመጣ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ምንጩ የአሚኖ አሲዱ ካርቦክሲል ቡድን መሆኑን ገለጹ። ለጥቁር ቡናማዎቹ ውጤቶችም ሜላኖይዲን የሚል ስም ሰጡ። ከዚያም ሙከራውን በግላይሲንና በግሉኮስ ብቻ አልወሰኑትም። ሌሎች አሚኖ አሲዶችን፣ ሌሎች ስኳሮችንም አንድ በአንድ ፈተኑ። ከዚህ የተገኘው ቅደም ተከተል ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ቁልፍ ነው። አምስት ካርቦን ያላቸው ስኳሮች፣ ማለትም ዛይሎዝና አራቢኖዝ፣ ወዲያውኑ ቀለም ይሰጣሉ። ስድስት ካርቦን ያላቸው እንደ ፍሩክቶዝ፣ ጋላክቶዝና ግሉኮስ ያሉት በፈጣንነት ይከተላሉ። ማልቶዝና ላክቶዝ ዝግተኞች ናቸው። ተራው የገበታ ስኳር ደግሞ ነጻ የካርቦኒል ቡድን ስለሌለው ከረጅም ጊዜ ማሞቅ በኋላ፣ ተከፋፍሎ ቀላል ስኳሮች ሲወጡት ብቻ ይሳተፋል። አጸግብሮቱ ወደ ሰውነት ሙቀት በሚጠጋ ሙቀትም ቢሆን በዝግታ እንደሚካሄድ ማያር አስተውለዋል።

ቀለሙን በማየት ማያር የመጀመሪያው ሰው አይደሉም። እንግሊዛዊው የቢራ ኬሚስት አርተር ሊንግ በ1908 ብቅል ሲደርቅ የሚመጣውን ቀለም ከአሚኖ ውሁዶችና ከስኳር መገናኘት ጋር አያይዘውት ነበር። የሊንግ ጉዳይ ግን የብቅልና የቢራ ጥራት ነበር። ማያር ነገሩን ከአንድ ምርት አውጥተው አጠቃላይ የኬሚስትሪ ሕግ አደረጉት። በ1913 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍም ስለ ፕሮቲኖችና ስለ አፈር ሂዩመስ አፈጣጠር ጻፉ፤ ግኝታቸው ለዕፀዋት ጥናት፣ ለአፈር ሳይንስ፣ ለሥነ ምድርና ለስኳር በሽታ ሕክምና ጭምር ትርጉም እንደሚኖረው አመለከቱ። ወጥ ቤትና የምግብ ፋብሪካ በማያር አሳብ ውስጥ ትልቅ ቦታ አልነበራቸውም።

ጦርነት፣ አልጀርስና የመጨረሻ ዓመታት

ከመጽሐፉ መታተም በኋላ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ማያር በፈረንሳይ ጦር ውስጥ አገለገሉ፤ አገልግሎቱም ጤንነታቸውን እንደጎዳው ይነገራል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1919፣ ፓሪስን ትተው በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አልጄሪያ በአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ።

አልጀርስ ላይ ማያር ወደ ሜላኖይዲን ጥናታቸው በብርቱ አልተመለሱም። በ33 ዓመታቸው የከፈቱት በር በራሳቸው እጅ ሳይገፋ ቀረ። በሌላ በኩል በ1925 ጣልያናዊው ማሪዮ አማዶሪ ስኳርና አሚኖ ከተገናኙ በኋላ የሚሆነውን የሞለኪውል ዳግም አደራደር የሚመለከት ሥራ ማሳተም ጀመሩ። ያ እርምጃ ኋላ የማያር አጸግብሮት የመጀመሪያ ምዕራፍ ዋና አካል መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ ሥራዎች ግን በአንድ ሥርዓት የተሰናሰሉት ማያር ካለፉ በኋላ ነው።

ማያር በሜይ 12 ቀን 1936፣ በ58 ዓመታቸው፣ ለመምህራን ምርጫ በሚደረግ ውድድር ዳኛ ሆነው በሄዱባት ፓሪስ በድንገት ዐረፉ። የኩላሊት መለኪያቸው የሚጠቀስ ነበር፤ ስለ ስኳርና አሚኖ አሲድ የጻፉት ግን ገና ብዙ አንባቢ አላገኘም። ሁኔታውን የለወጠው ሌላ ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች የሚላኩ የደረቁ ምግቦች በመጋዘን ሳሉ መጥቆራቸውና ጣዕማቸውን ማጣታቸው ተመራማሪዎችን ወደ ጉዳዩ መለሰ። በ1953 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ ይሠሩ የነበሩት አፍሪካዊ አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ሆጅ የተበታተኑትን ግኝቶች አሰባስበው አጸግብሮቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደረጃ የሚያሳይ ንድፍ አወጡ። ዛሬም የምግብ ኬሚስትሪ ተማሪ የሚማረው በመሠረቱ ያንን ንድፍ ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ዓሣ ጡንቻ

የማያር ሥራ ከዓሣ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለማየት፣ ሙቀት በዓሣ ሥጋ ላይ የሚያደርሳቸውን የቀለም ለውጦች መለየት ያስፈልጋል። ሁሉም የማያር አይደሉምና።

የመጀመሪያው ለውጥ የፕሮቲን ቅርጽ መፍረስ ነው። ጥሬ የዓሣ ሥጋ ብርሃንን በከፊል ያሳልፋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ ማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ተፈትቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ብርሃን በውስጡ ስለሚበተንም ሥጋው ነጭ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ አዲስ ቀለም አልተሠራም። ሁለተኛው ለውጥ እንደ ቱና ባሉ ቀይ ሥጋ ባላቸው ዓሦች የሚጎላ ሲሆን፣ የማዮግሎቢን ጉዳይ ነው። የማዮግሎቢን ፕሮቲን በሙቀት ሲፈርስና በመካከሉ ያለው ብረት ኦክሲጅን ጠቅቶት ሲለወጥ፣ ቀዩ ሥጋ ወደ ግራጫና ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ይህም ስኳር አይጠይቅም።

ሦስተኛው የማያር መንገድ ነው። ማዮግሎቢን በጥቂቱ ብቻ የሚገኝበት ነጭ ዓሣ በማምከን ጊዜ ቡናማ ቢሆን ምክንያቱ ከሁለቱ የፊተኞች ሊመጣ አይችልም። የሚጠረጠረው ስኳርና አሚኖ ነው። አሚኖው በጡንቻ ውስጥ ሞልቷል፤ ነጻ አሚኖ አሲዶች አሉ፣ በፕሮቲኖች ላይ ደግሞ ከሰንሰለቱ ወጣ ያለ አሚኖ ቡድን ያለው ላይሲን አለ። ጥያቄው ስኳሩ ከየት መጣ የሚል ነበር። የዓሣ ሥጋ ጣፋጭ አይደለም፤ በግሉኮስም የበለጸገ አይደለም።

መልሱ የመጣው በካናዳ ቫንኩቨር ይሠሩ ከነበሩት የዓሣ ተመራማሪ ሂዩ ታር ነው። ታር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓሣ ጡንቻ ውስጥ ነጻ ራይቦዝ እንደሚገኝና ሥጋው ሲሞቅ ለሚመጣው ቡናማነት ተጠያቂ እንደሆነ አሳዩ። ራይቦዝ አምስት ካርቦን ያለው ስኳር ነው፤ ማለትም ማያር በ1912 ከሁሉ ፈጣኖች ብለው ከመደቧቸው ከዛይሎዝና ከአራቢኖዝ ወገን ነው። መጠኑ ጥቂት ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የጎላበት ምክንያት በዚህ ይገባል። አንድ ተመራማሪ የስኳሩን ብዛት ብቻ ቢመለከት ኖሮ ራይቦዝን ሊንቀው ይችል ነበር፤ የማያር ቅደም ተከተል ግን ከብዛቱ ይልቅ የስኳሩን ዓይነት እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

የራይቦዝ ምንጭ ደግሞ የዓሣውን ያለፈ ታሪክ ይናገራል። ዓሣው በሕይወት ሳለ ጡንቻው ለጉልበት የሚጠቀምበት ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውል በውስጡ ራይቦዝን ይዟል። ዓሣው ከሞተ በኋላ ኤቲፒ በጡንቻው ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ ይፈርሳል፤ ወደ ኢኖሲን ሞኖፎስፌት፣ ከዚያ ወደ ኢኖሲን፣ በመጨረሻም ወደ ሃይፖዛንቲንና ወደ ራይቦዝ ይደርሳል። ስለሆነም በማምከኛው ውስጥ የሚታየው ቀለም የሚወሰነው በማምከኛው ሙቀትና ሰዓት ብቻ አይደለም። ዓሣው ከተያዘ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደተጠበቀ፣ የዓሣው ዝርያም ምን ዓይነት ኢንዛይሞች እንዳሉት ይወስኑታል። በአንጻሩ የስኳር ፎስፌቶች የሚባሉት የግላይኮጅን መፍረስ ውጤቶች ገና ሳያልቁ ወደ ማብሰያ ሲገቡም ቀለም ሊያመጡ ይችላሉ፤ በታሸገ ቱና ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ቀለም ከነዚህ ጋር ይያያዛል። እንግዲህ አዲስነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የትኛው ስኳር በየትኛው ሰዓት በጡንቻው ውስጥ እንደሚገኝ መታወቅ አለበት።

ዘግይቶ የሚመጣው ምስክር

የማያር አጸግብሮት በዓሣ ላይ ሲታይ ጉዳዩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለገበያ ሰዎች በተተወ ነበር። ከስኳር ጋር የተያያዘ ላይሲን ግን ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። ላይሲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ በእህል ምግቦች ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚጎድል አሚኖ አሲድ ነው። ዓሣ በእህል ላይ ለተመሠረተ ማዕድ ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህን ጉድለት መሙላቱ ነው። ከልክ ባለፈ ሙቀት የደረቀ የዓሣ ዱቄትም በመኖነት ሲሰጥ የሚጠቅመው ላይሲን ቀንሶ ሊገኝ ይችላል፤ በኬሚካዊ ትንተና የሚለካው ጠቅላላ ናይትሮጅን ግን ያን ያህል ላይለወጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ለተመራማሪ የሚሆን ጥንቃቄ አለ። ስኳርና ላይሲን መጀመሪያ ሲያያዙ፣ የአማዶሪ አደራደር እስኪፈጸም ድረስ፣ ውጤቱ ቀለም የለውም። ቡናማው የሚመጣው ኋላ፣ እነዚህ ውሁዶች ፈርሰውና ዳግም ተጣምረው ሜላኖይዲን ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ነጭ ሆኖ የሚታይ ሥጋ ላይሲኑ ያልተነካ ነው ማለት አይደለም። ቀለምን ብቻ በመለካት የሙቀትን ጉዳት እለካለሁ የሚል ጥናት የሚይዘው ዘግይቶ የመጣውን ምስክር ነው። ቡናማ የሆነ ሁሉም የማያር ውጤት ነው ማለትም አይቻልም፤ በቀይ ሥጋ ዓሣ ላይ የማዮግሎቢን ድርሻ ካልተለየ መደምደሚያው ይስታል። በስኳር የታጠበና ያልታጠበ ሥጋ፣ ወይም ራይቦዝ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ናሙና ጎን ለጎን ቢሞቅ ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። ይህ አካሄድ ራሱ ማያር አንዱን ስኳር በሌላው እየተኩ የሄዱበት መንገድ ነው።

ማጠቃለያ

ማያር የፈለጉትን አላገኙም። ሴል ፕሮቲንን የሚሠራው እርሳቸው በገመቱት መንገድ እንዳልሆነ ኋላ ታውቋል። ያገኙትንም ነገር እስከ ዳር አልተከተሉትም፤ ጦርነት፣ ሕመምና የማስተማር ሥራ መካከል ገቡ። ለዝና ያበቃቸውን ሕክምናዊ መለኪያ ዛሬ የሚጠቀምበት የለም ማለት ይቻላል፤ ስማቸውን ያቆየው በወጣትነት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው።

ያ ጽሑፍ ዕድሜ ያገኘው ያልተጠበቀውን ውጤት መዝግቦ ስላላቆመ ነው። አሚኖ አሲዱን ለወጠ፣ ስኳሩን ለወጠ፣ ፍጥነታቸውን አነጻጸረ፤ ማን እንደሚፈጥንና ማን እንደሚዘገይ አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ ያ ዝርዝር ለማንም የተለየ ጥቅም ያለው አይመስልም ነበር። ሰዎች በዓሣ ጡንቻ ውስጥ ጥቂት ራይቦዝ ሲያገኙ ግን፣ ያ ጥቂት ለምን ብዙ እንደሚሠራ የሚያስረዳው ዝርዝር ከ40 ዓመት ጀምሮ ተጽፎ ይጠብቃቸው ነበር። በቤተ ሙከራ ዕቃው ውስጥ ያልጠበቀውን ቀለም ያየ ተማሪ ናሙናውን ከመድፋቱ በፊት ይህን ቢያስብ፣ የማያር ሕይወት ከስማቸው አልፎ ይጠቅመዋል።